ዳክዬዋና አረንጓዴው ደብተር

ጄምስታውን፣ ሰሜን ዳኮታ
ሜይ 26 ቀን 1997

ይድረስ ለእህቴ ለቨርና፤

እንደምን ሰንብተሻል? ባልሽ ሎይድስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። በአንድ ገጽ ሦስት ጊዜ ስለጠየቅሽኝ ሦስት ጊዜ ልመልስልሽ፦ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ።

የሄዳችሁ ዕለት ለምን ወጥቼ እጄን እንዳላውለበለብኩ ጠይቀሻል። ምድጃ ላይ የጣድኩት ነበረኝ ብልሽ ደስ ባለኝ፤ ግን ምንም አልጣድኩም። መጋረጃው ኋላ ቆሜ ሎይድ ዳክዬ ያልናትን ባለ አልጋ የጉዞ መኪናችንን ከግቢዬ ሲያስወጣት እያየሁ ነበር። የፖስታ ሳጥኔን የሳተው በስንዝር ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ስነዳ የማንንም ሳጥን ነክቼ አላውቅም፤ እንዲያ ያለ የመሪ አያያዝ ሳይ እጄን ይበላኛል።

"ማን ሽጪ አለሽ?" ላልሽውም፣ ማንም አላለኝም። ባሌ ሃርላን ከሞተ በኋላ ዳክዬዋ አልጋዋም ምድጃዋም እንደተሰናዳ፣ በረዶ ለብሳ ደጄ ቆማ ማየት አቃተኝ። ባልሽ "ልውሰዳት?" ሲለኝ "ውሰዳት" አልኩት። የሸጥኳት እኔ፣ የምቀናውም እኔ። ዛሬ ጠዋት ቆማበት የነበረውን ቦታ አየሁት፤ ሣሩ በእሷ ልክ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። ወጥቼ ውኃ አጠጣሁት፤ ከዚያ በራሴ ተናደድኩ።

ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ፣ በሯ ላይ ካለው ካርታ አምስቱን ስቲከሮች እንዳትነኪ። ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ ያላደሩበት ግዛት አይለጠፍም። ነዳጅ ቀድቶ ማለፍ አይቆጠርም፣ ምሳ በልቶ ማለፍም አይቆጠርም። እኔና ሃርላን ያደርንባቸው አምስት ብቻ ናቸው፤ የልቡ ሕመም ከዚያ በላይ አላስኬደውም። ሁለተኛ፣ ሃርላን አንድ አረንጓዴ ደብተር ነበረው። ያቺ ትንሿ ቫን ከነበረችን ጊዜ ጀምሮ፣ ጡረታ ስንወጣ የምንሄድባቸውን ቦታዎች ይጽፍበት ነበር። "ስንደርስ ታዪዋለሽ" እያለ አንድም ገጽ አላስነበበኝም። ቤቱን ሁሉ አገላብጬ አጣሁት። ዳክዬዋ ውስጥ ቀርቶ ከሆነ ፈልጊና ላኪልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

እህትሽ አርዲስ

* * *

የሎውስቶን፣ ዋዮሚንግ
ጁን 19 ቀን 1997

እታለም አርዲስ፤

ሳልጽፍልሽ ስለቆየሁ ይቅር በይኝ። እንደ ልብ የሚጻፍበት ጠረጴዛ አልነበረም፤ መንገድ ላይ ያለ ሰው ታውቂዋለሽ።

ከዚያ ወዲህ በላክሻት አጭር ደብዳቤ ለጠየቅሽኝ ሁሉ፦ አዎ፣ በሰላም ደርሰናል። አይ፣ ሎይድ አልታመመም፤ ማን ነገረሽ? ትንሽ ደክሞት ነው። አዎ፣ መጋረጃዎቹን አጥቤያቸዋለሁ፤ አይ፣ አልቀየርኳቸውም።

እዚህ ምን ልንገርሽ! ከቀትር በፊት ካልደረሱ ቦታ አይገኝም፤ እኛ በአራት ሰዓት ገብተን ወንዙ ዳር ያለችውን ያዝን። ነፋሱ ከምዕራብ ስለሚመጣ በሩን ወደ ምሥራቅ አዙረን ቆምን። ጠዋት ስትነሺ ከወንዙ ላይ እንፋሎት ይነሳል፣ ጎሾቹ በእንፋሎቱ ውስጥ ቀስ ብለው ያልፋሉ፤ ማንም አያስቸኩላቸውም። መኪናው ሁሉ ተሰልፎ ይጠብቃቸዋል። ቡና በቴርሞስ ይዞ ደረጃው ላይ መቀመጥ ነው እንጂ ሌላ ሥራ የለም።

በፖስታው ላይ ያለው ማኅተም የራፒድ ሲቲ ለምን እንደሆነ ጠይቀሻል። እንደኛ ያለ መንገደኛ ሁሉ ፖስታውን በአንድ አድራሻ ነው የሚያደርገው፤ ራፒድ ሲቲ ያለ የፖስታ ድርጅት ይቀበልልናል፣ ይልክልናል። አንቺም በዚያው ጻፊልኝ።

የምትወድሽ ቨርና

* * *

ጄምስታውን
ጁን 28 ቀን 1997

ቨርና፤

ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ሦስት ኩባያ ሰበርኩ ብልሽ ታምኚኛለሽ? አንድ ነው የሰበርኩት። እሱም የእናታችን ነው፤ ስለዚህ ግማሹ የአንቺ ነው።

ሳይደብቁ መናገር ይሻላል፦ አንጀቴ አረረ። ጎሾቹን በእንፋሎት ውስጥ አንቺ አየሽ፣ እኔ እዚህ የቤተ ክርስቲያኑን ምድር ቤት ጠረጴዛ እወለውላለሁ። ረቡዕ እራት ላይ የፓስተሩ ሚስት "የቨርናን ደብዳቤ አንብቢልን እንጂ" ብላ ያዘችኝ። አነበብኩ። ሴቶቹ ሁሉ ማንኪያቸውን አስቀምጠው "አቤት! አቤት!" ይላሉ። ከዚያ እሷው ናት፣ ያቺ ነገረኛ፣
"ውይ አርዲስ፣ አንቺስ ምነው አብረሽ አልሄድሽም?" አለችኝ።
"ማን ጠርቶኝ!" አልኳት።
ድንቹን ደግሜ አነሳሁ።

ደግሞ አንድ ነገር ገረመኝ። ሎይድ ከመቼ ወዲህ ነው ነፋስ ከየት እንደሚመጣ የሚያስበው? ያ ሰው የገዛ ባርኔጣው ሲበር እንኳ የሄደበትን አያይም። ሃርላን ነበር በሩን ወደ ምሥራቅ የሚያስዞረኝ። ባልሽ ከሞተ ሰው ልምድ ተምሮ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ግን እሱም አናደደኝ። በኔ ባል ብልሃት አንቺ ቡና ትጠጫለሽ።

የሎይድ ዓይንስ ደህና ነው? ስቲከሩ ስንት ደረሰ? ዋዮሚንግን ለጠፋችሁ? ስለ ደብተሩ ደግሞ አንድ ቃል አልመለስሽልኝም። አውቀሽ ነው ወይስ ረስተሽ?

አርዲስ

* * *

ግላሲየር፣ ሞንታና
ጁላይ 14 ቀን 1997

እታለም፤

ስለ ኩባያው አዝናለሁ። የኔን ግማሽ ይቅር ብዬሻለሁ።

ስለ ደብተሩ ስለዘገየሁ ይቅርታ። ፈልጌ ነበር፤ የለም። ሎይድ መጀመሪያ ቀን አሮጌ ጋዜጣ ሲጥል አብሮ ጥሎት ይሆናል። ወንድ የሚጥለውን ያውቃል እንዴ? እንግዲህ እርሺው። ስቲከሩን አልቆጠርኩትም፤ በሩ ሁልጊዜ ክፍት ስለሆነ ካርታው ወደ ግድግዳው ይዞራል።

"ማን ጠርቶኝ" ያልሽውን አነበብኩት።

ትናንት "ወደ ፀሐይ የሚያደርስ" የሚሉትን የተራራ መንገድ ተሻገርነው! ስሙን ስትሰሚ ኖረሻል። ተራራው ላይ እንደ ገመድ ተጠምጥሞ ይወጣል። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለወጣን ገደሉ በኔ በኩል ነበር፤ ካርታውን ፊቴ ላይ ዘርግቼ "አለቀ? አለቀ?" እላለሁ። ዳክዬዋ እንደ ሕፃን ታዘዘች። አናቱ ላይ ገና በረዶ አለ፤ አበባው በበረዶው ጫፍ ጫፍ በቅሏል። ነጫጭ ፍየሎች መኪና ማቆሚያው ድረስ ይመጣሉ። ወርደን ዳቦና አይብ በላን። እዚያ ቆሞ የተጣላውን ሁሉ ይቅር የማይል ሰው የለም።

ሎይድ ሰላም ይልሻል። ስለ ዓይኑ ለምን ጠየቅሽኝ?

ቨርና

* * *

ጄምስታውን
ጁላይ 22 ቀን 1997

ቨርና፤

ስለ ዓይኑ የጠየቅኩት የፖስታ ሳጥኔን ስላስታወስኩ ነው። አሁን ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ዳክዬዋ ሠላሳ አራት ጫማ ነው ርዝመቷ። በዚያ መንገድ ላይ ከሃያ አንድ ጫማ በላይ የሆነ አያልፍም። ጠባቂዎቹ ቆመው ይመልሳሉ፤ ለማንም አይሉም። እኔ ይህን እንዴት እንደማውቅ ታውቂያለሽ? ዳክዬዋን በገዛን ሳምንት ሃርላን ፓርኩ ድረስ ስልክ ደወለ። ስልኩን አስቀምጦ ግማሽ ሰዓት ወንበሩ ላይ ቀረ። "አርዲ፣" አለኝ፣ "አልጋ ስንመርጥ መንገዱን ሸጥነው።" ከዚያ በኋላ ስለዚያ መንገድ ሲያነሳ ሰምቼው አላውቅም።

ስለዚህ በዳክዬዋ አልተሻገራችሁትም። ሳነበው መጀመሪያ ሳቅኩ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ጉዞ ውሸት ሆኖ ስላገኘሁት እጄን አጨበጨብኩ። እንዲህ ያለ ክፉ ሰው ሆኛለሁ።

ከዚያ ደግሜ አነበብኩት። አንቺ ካርታ በእጅሽ ይዘሽ አታውቂም። ድልድይ ባለፍን ቁጥር ካርታውን ፊቱ ላይ ዘርግቶ "አለቀ? አለቀ?" የሚለው አንድ ሰው ነበር፤ ሃርላን። ያን ጉዞ ያሰበው ሰው ዳክዬዋ አልነበረችውም፤ ትንሿ ቫን ነበረችው። አሥራ ዘጠኝ ጫማ።

ደብተሩ አልተጣለም። እጅሽ ላይ ነው። ከዚያ እየቀዳሽ ነው የምትልኪልኝ።

የት ነው ያላችሁት?

አርዲስ

* * *

ጄምስታውን
ኦገስት 5 ቀን 1997

ቨርና፤

ሁለት ሳምንት ሆነ። ተቆጥቼ ነበር፤ አሁን ፈርቻለሁ። ስድብም ቢሆን ጻፊልኝ።

አርዲስ

* * *

ብላክ ሂልስ፣ ደቡብ ዳኮታ
ኦገስት 9 ቀን 1997

እታለም አርዲስ፤

የማኅተሙ ነገር እውነት ነበር። ያለነው ከራፒድ ሲቲ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ካንቺ የሰባት ሰዓት መንገድ። ከሜይ መጨረሻ ጀምሮ ከዚህ ንቅንቅ አላልንም።

በወጣን በሁለተኛው ቀን ሎይድ ነዳጅ ማደያው ላይ ምሰሶ መታ። ትልቅ ቢጫ ምሰሶ ነው። "ከየት መጣ?" አለኝ። ሳቅኩበት። ከዚያ ፊቱን አየሁት። ሐኪሙ የመሃሉ እይታ እየሄደ ነው፣ ጠርዝ ጠርዙ ብቻ ይቀርለታል አለ። ከእንግዲህ አይነዳም። እኔ ደግሞ ከኋላዋ ጎትተን ካመጣናት ትንሿ መኪናዬ የሚበልጥ ነገር ነክቼ አላውቅም። አንድ ሰው ወደዚህ የመንገደኞች ካምፕ ነድቶ አስገባልን፤ እዚሁ አስተናጋጅ ሆነን ቀረን። ቦታው በነጻ ነው፤ እኔ ማገዶና በረዶ እሸጣለሁ፣ እሱ የእሳቱን ጉድጓድ ይጠርጋል። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ወንበሩን ይዞ ወጥቶ "ወደ ግራ! ወደ ግራ! ና፣ ና፣ አይዞህ!" እያለ ያስገባቸዋል። ባለፈው የአንዱን መኪና ጠረጴዛ ላይ አወጣው። "ጠረጴዛው ነው የተንቀሳቀሰው" አለ።

ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል። "ለአርዲስማ ከነገርሽ" አለኝ፣ "በእግሬ ነው ወደ ቤት የምሄደው።" እሱ ያፈረው ለዓይኑ አይደለም፤ ሲገዛት "ይቺ መኪና ወንድ ትፈልጋለች" ብሎሽ ስለነበረ ነው።

ግን በሎይድ አላሳብብም። ውሸቱ የኔ ነው። ደብተሩን ያገኘሁት በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ከተሳፋሪው ወንበር ሥር። ላኪልኝ ስትዪ እጄ ላይ ነበር። አንዴ ፖስታ ውስጥ ከተትኩት፤ መልሼ አወጣሁት።

የቀናሽው አንቺ ብቻ መሰለሽ? ዳክዬዋን እንድንገዛት ሎይድን የነዘነዝኩት እኔ ነኝ። ካንቺ ግቢ ቆማ ማየት ያቃተኝ እኔ ነኝ። አንቺ በአሥራ ሦስት ዓመትሽ የአባባን የስንዴ መኪና ስትነጂ፣ እኔ ከኋላ የዕንቁላል ሣጥን አቅፌ አቧራሽን እበላ ነበር። አርባ ዓመት ከሎይድ ጋር ስኖር ስሜን የጻፈው ፎርም ላይ ብቻ ነው። እዚህ ደብተር ላይ የአንቺ ስም በየገጹ አለ። "አርዲ ይህን ትወደዋለች።" "እዚህ አርዲ ትቆማለች፣ ቡና አፍልቼ እጠብቃታለሁ።" እኔ እያነበብኩ የአንቺን ስም እያወጣሁ የኔን አስገባሁ። ለአንድ ከሰዓት ያህል የኔ ይመስለኛል። ከዚያ ላንቺ እጽፈዋለሁ፤ አንቺ ስትቀኚ የበለጠ እውነት ይሆንልኛል።

በሩ ላይ ግን አንድም አልለጠፍኩም። የቀሩት ስቲከሮች በብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ እንዳሉ ናቸው። አንቺን ዋሸሁሽ፣ በሩን ግን መዋሸት አልቻልኩም። አምስቱ እንዳስቀመጣችኋቸው ናቸው።

አንድ ገጽ አለ፤ እሱን አልቀዳሁትም። የመጨረሻው ነው። ስለ ኦሪገን፣ መንገዱ ባሕሩ ላይ ስለሚያልቅበት ቦታ። ብዙ ጊዜ ልጽፍልሽ ብዬ ቅናቱ እጄን ያዘው። ብትመጪ አፍሬ አላሳይሽም ይሆናል፤ ስለዚህ አሁኑኑ ልገልብጥልሽ፦

"የመጨረሻዋን ማይል አርዲ ብቻዋን ትንዳ። እኔ ቀድሜ ወርጄ መንገዱ ዳር እቆማለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ጎኗ ተቀምጬ ስትነዳ አይቻታለሁ፤ ከሩቅ ስትመጣ ግን አንድም ቀን አላየኋትም።"

ደብተሩን በሚቀጥለው ፖስታ እልክልሻለሁ። ይቅርታ ለመጠየቅ ፊት የለኝም፤ ስለዚህ አልጠይቅም።

ቨርና

* * *

ጄምስታውን
ኦገስት 15 ቀን 1997

ቨርኒ፤

ደብተሩን እንዳትልኪው። በፖስታ የሚመጣ ነገር አይደለም።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ቀን ሆነው። መጀመሪያ ቀን ሰደብኩሽ። ሁለተኛውን ቀን የመጨረሻዋን ገጽ ብቻ ሳነብ ዋልኩ። ዛሬ ያለፉትን ደብዳቤዎችሽን ከመሳቢያ አውጥቼ አነበብኳቸው፤ ለካ ሁለት ወር ሙሉ በገዛ ጉዞዬ ነው የቀናሁት። ባሌ ያሰበልኝን፣ አንቺ ስሜን ፍቀሽ ላክሽልኝ፤ እኔም ጥርሴን ነክሼ አነበብኩት። ይህን ለፓስተሩ ሚስት አልነግራትም።

ነዪ አላልሽኝም። መቼም ከዚህ በኋላም የምትዪ አይመስለኝም፤ እንዳንቺ ያለች ግትር አላየሁም፣ ከኔ በቀር። ስለዚህ ሳልጠራ እመጣለሁ። ሐሙስ ጠዋት በአውቶቡስ እሳፈራለሁ፣ ማታ ራፒድ ሲቲ እገባለሁ። ባንቺ መኪና ተቀበዪኝ፤ እሷን እንኳ ትነጃታለሽ።

ለሎይድ ንገሪው፦ የሹፌሩን ወንበር ይልቀቅ፣ ወንበሩን ወደ ፊት ያምጣው፣ እግሬ አጭር ነው። ጎኔ ይቀመጥ። ጠርዝ ጠርዙን ካየ የቀኙን መስታወት ይጠብቅልኝ፤ የሚያየውን ይንገረኝ፣ ያላየውን ግን አይፍጠር። "ወደ ግራ" ካለኝ አወርደዋለሁ። አንቺ ከኋላ ጠረጴዛው ላይ ሆነሽ ደብተሩን ታነቢልናለሽ፤ ጮክ ብለሽ፣ በጻፈው ስም። ያንን መንገድ በዳክዬዋ አናልፈውም፤ በደቡብ እንዞረዋለን። ዋዮሚንግ ስናድር ስቲከሩን የምለጥፈው እኔ ነኝ። አንቺ ቆርቆሮውን ትይዢልኛለሽ። እንኪ ብለሽ ስታቀብዪኝ ደግሞ ፊትሽን አታኮሳትሪ።

ሣሩ እንደሆነ ድኗል። ትናንት አጨድኩት፤ የት ቆማ እንደነበር እኔም መለየት አቃተኝ።

ኦሪገን ስንደርስ፣ ማይሏ ስትቀር፣ አቆምልሻለሁ። ሎይድን ይዘሽ በእግር ቀድማችሁ ትወርዳላችሁ፤ መንገዱ ዳር ትቆማላችሁ። እኔ ብቻዬን እመጣለሁ። ያን ጊዜ ሃርላን ያላየውን አንቺ ታዪዋለሽ፤ በእሱም እቀናብሻለሁ፣ እስክሞት ነው የምቀናብሽ። ስትሄዱ እኔ መጋረጃ ኋላ ቀርቼ አላውለበለብኩላችሁም፤ አንቺ ግን አውለብልቢልኝ።

እህትሽ አርዲስ